ሦስት ፎቶ በሃምሳ ሳንቲም

ባለፈው ዓመት ያደግኩባት ከተማ ሄጄ ነበር። የሄድኩት ለአንድ ኔጋቲቭ ነው።

እናቴ ከወጣትነቷ የቀራት አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከጀርባዋ ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ ተዘርግቶ፣ አንድ እጇን የፕላስቲክ አበባ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ ቆማለች። ከኋላው የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለበት። እሷ ካረፈች በኋላ በአንድ ክረምት ጣሪያችን አፈሰሰና ፍሬሙ ውስጥ ውሃ ገባ። ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ስናላቅቀው ፊቷ አብሮ ተላጠ። "ግድ የለም፣ ኔጋቲቩ ፎቶ ቤቱ አለ" ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ድሮ ፎቶ ስንነሳ "ኔጋቲቩ እኛ ጋ ይቀመጣል፣ በፈለጋችሁ ጊዜ ታሳጥባላችሁ" ይሉን የለ?

ሄድኩ። ፎቶ ቤቱ የለም። ቦታው ላይ የሞባይል መሸጫ ተከፍቷል። ጠያይቄ የፎቶ አንሺውን ልጅ አገኘሁት፤ ቡና አስፈልቶ በክብር ተቀበለኝ። የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግረው ግን አንገቱን ደፋ። "አባባ ሲያርፍ ቤቱን ልናከራየው ፈልገን አጸዳነው። ሰባት ማዳበሪያ ሙሉ ኔጋቲቭ ወጣ። ማን ይፈልገዋል ብለን ጓሮ አቃጠልነው። ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ" አለኝ።

ምን ይባላል? እውነቱን ልናገር፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። ሰባት ማዳበሪያ የማያውቁት ሰው ፊት ምን ያደርግልሃል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ የአንድ ሌላ ትንሽ ከተማ ፎቶ አንሺ ታሪክ ነው። ሰውዬው አሜሪካዊ ነው። የእሱም ኔጋቲቭ ሊጣል አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር። ዛሬ ታሪኩን ልንገራችሁ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ የምለምናችሁ ነገር አለኝ። (በታሪኩ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

*

ከተማዋ ሂበር ስፕሪንግስ ትባላለች። አርካንሳው ግዛት ውስጥ፣ የኦዛርክ ተራሮች ግርጌ ያለች የገበሬዎች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ጥጥ ይመረት ነበር። ገበሬው ከቤተሰቡ ጋር ወደ ከተማ ሲወጣ ይሸጣል፣ ይሸምታል፣ ወዳጁን ያገኛል፣ አንዳንዴም ፎቶ ይነሳል። የእኛን የገበያ ቀን አስቡት።

ፎቶ አንሺው ሲወለድ ስሙ ማይክ ማየር ነበር። በ1884 ኢንዲያና ውስጥ ከጀርመን ስደተኞች ቤተሰብ ነው የተወለደው። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ አርካንሳው ተሻገረ፤ አባቱ ከሞተ በኋላም በ1914 ከእናቱ ጋር ሂበር ስፕሪንግስ ገባ። ያኔ ሠላሳ ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ከሌላ ሰው ጋር ተሻርኮ ሠራ፤ ኋላ ብቻውን እናቱ ቤት ውስጥ ሥራውን ቀጠለ።

በ1926 አሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን በሚሉት በዓላቸው ዕለት ቶርኔዶ ከተማዋን መታት። ብዙ ቤት ፈረሰ፤ የእናቱም ቤት አብሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ዋናው መንገድ ላይ የራሱን ፎቶ ቤት ሠራ። እዚያው ይሠራል፣ እዚያው ያድራል። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም። እስኪሞት ድረስ ኑሮው ያ ቤት ሆነ።

ቤቱን ሲሠራ አንድ ነገር በደንብ አስቦበታል፤ ብርሃኑን። ትልቁን መስታወት ወደ ሰሜን አዙሮ አስገባው። በዚያ አገር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ፣ ከሰሜን በኩል የሚገባው ብርሃን ቀጥተኛ ጨረር የለውም። ለስላሳ ነው፤ ጠዋትም ከሰዓትም እምብዛም አይለዋወጥም። ፊት ላይ ሲያርፍ ሽብሽቡንም፣ የፀሐይ ቃጠሎውንም፣ የሸሚዙን ጥፍም አንድ በአንድ ያሳያል። የድሮ ሠዓሊዎችም ለዚህ ነው የሰሜን መስኮት ሲፈልጉ የኖሩት።

ሌላው ልዩ ነገር መስታወቱ ነው። ያ ዘመን ፊልም የተለመደበት ጊዜ ነበር። እሱ ግን እስከ አርባዎቹ ድረስ ከመስታወት ኔጋቲቭ አልተላቀቀም። የመስታወት ኔጋቲቭ ማለት የመስኮት መስታወት የመሰለ ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ አንዱ ፊቱ ብርሃን የሚያጠቁረው ኬሚካል የተቀባ። ፎቶውን ሲያጥብ ኔጋቲቩን ከወረቀቱ ጋር አጋጥሞ ብርሃን ያሳየዋል፤ የሚወጣው ፎቶ ልክ በኔጋቲቩ መጠን ነው፣ የፖስታ ካርድ ያክላል። ትንሽ ነው፤ ግን ስላልተለጠጠ እያንዳንዷ የፀጉር ዘለላ ጥርት ብላ ትታያለች። ፖስታ ውስጥም ይገባል። ይህን ያዙልኝ።

ዋጋው? ሦስት ፎቶ በሃምሳ ሳንቲም።

*

አሁን ወደ ፎቶዎቹ እንምጣ። እኔ መጀመሪያ ሳያቸው የገረመኝ ምንም ነገር ያለመኖሩ ነው። የእኛ ፎቶ ቤቶች ሐይቅ ያስሉልናል፣ አበባ ያስይዙናል፣ አንዳንዴ ኮትና ከረባትም ያውሱናል። እዚህ ምንም የለም። ከጀርባ ያለው ወይ ነጭ ወይ ጥቁር ባዶ መጋረጃ ነው። ነጩ ላይ እንዲያውም ጥቁር መስመር ይታያል፤ ሊደብቀው እንኳን አልሞከረም።

ከፊቱ ሰው አለ። በቱታው የቆመ ገበሬ። አንዱ ሌላው ትከሻ ላይ እጁን ጣል ያደረገ ወንድማማች። ሕፃን የታቀፈች እናት። ከአንድ ጣቃ ጨርቅ የተሰፋ ቀሚስ የለበሱ እኅትማማቾች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ የወታደር ልብስ የለበሱ ወጣቶች፤ አጠገባቸው እጮኛ፣ አጠገባቸው እናት።

ማንም ጥርሱን አይገልጥም ማለት ይቻላል። የተነሱት ሰዎች በኋላ እንዳስታወሱት፣ ሰውዬው "ፈገግ በሉ" አይልም፤ ጨዋታም አያውቅም። ብርሃኑን ሲያስተካክል ረዥም ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ይገባል፤ ሳያስጠነቅቅ ያነሳል። ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ስላልተነገራቸው እንዲሁ ቆመው ያዩታል። ፎቶው ላይ የቀረው ያ ነው፦ የሆኑትን ለመሆን የቆሙ ሰዎች።

ሰፈሩ ግን አይወደውም ነበር፤ ለማለት የፈለግኩት እንደ እንግዳ ነው የሚያየው። እሱም እንደዚያ እንዲታይ የፈለገ ይመስላል። በ1939 ስሙን በሕግ አስለወጠ። ማየር በጀርመንኛ ከገበሬነት ጋር የተያያዘ ስም ነው፤ እሱ "ዲስፋርመር" ተባለ። በእንግሊዝኛ ገበሬ "ፋርመር" ነው፤ "ዲስ" ሲጨመርበት "ገበሬ ያልሆነ" እንደ ማለት ይሆናል። ይባስ ብሎም "እኔ የማየሮች ልጅ አይደለሁም፤ ሕፃን ሳለሁ ቶርኔዶ ከእውነተኛ ወላጆቼ ነጥቆ እነሱ ቤት ጥሎኝ ነው" ብሎ አወራ።

እንግዲህ አስቡት። ገበሬ አይደለሁም ብሎ ስሙን የለወጠ ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ ያነሳው ገበሬዎችን ነው። ዘመድ የለኝም ያለ ሰው የሰው ዘመድ ሁሉ እሱ ዘንድ ተቀመጠ።

*

በ1959 ዲስፋርመር እዚያው ፎቶ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሞተ። ሰባ አምስት ዓመቱ ነበር። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። ቤቱ ውስጥ የቀረው ዕቃና በሺዎች የሚቆጠር የመስታወት ኔጋቲቭ ነው።

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ ከእኔ ሰባት ማዳበሪያ የሚለየው። የከተማዋ ከንቲባ የነበረ፣ ከጦር ሠራዊት መሐንዲስነት በጡረታ የወጣ ጆ ኦልብራይት የሚባል ሰው በፎቶ ቤቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ ጠቅልሎ ገዛው። በስንት? በአምስት ዶላር! ሦስት ሺህ ገደማ ኔጋቲቩን ወደ ቤቱ ወስዶ አስቀመጠው።

ኦልብራይት ሰብሳቢ አልነበረም፤ ሙዚየም አልነበረውም። ሲጣል ማየት ያልሆነለት ሰው ነው እንጂ። መስታወቶቹ እዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ተቀመጡ። መስታወቱ ራሱ ምንም አይሆንም፤ ላዩ ላይ የተቀባው ግን ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚገኝ ጄላቲን ነውና እርጥበት ካገኘ ይሻግታል፣ ይላጣል። የተወሰነው ተበላሸ። የተረፈው ተረፈ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፒተር ሚለር የሚባል የአካባቢው ጋዜጣ አዘጋጅ "የድሮ ፎቶ ያላችሁ አምጡ፣ በጋዜጣ እናውጣው" ብሎ ጠየቀ። ኦልብራይት "እኔ ጋ ትንሽ አለ" ብሎ መጣ። ሚለር መስታወቶቹን አስጸዳ፣ አሳተመ፤ አንዳንዶቹንም ኒው ዮርክ ለነበረችው ለጁሊያ ስከሊ ላከላት። እሷ የታወቀ የፎቶግራፍ መጽሔት አዘጋጅ ነበረች። ያየችውን ማመን አቃታት መሰለኝ፤ በ1976 ከሚለር ጋር መጽሐፉ ወጣ። ከ1939 እስከ 1946 የተነሱ የሂበር ስፕሪንግስ ሰዎች ፎቶ ነው። ሰውዬው በሞተ በ17 ዓመቱ "ታላቅ የአሜሪካ ፎቶግራፍ አንሺ" ተባለ። በ2009 ቢል ፍሪዜል የተባለው ጊታሪስት በስሙ የሰየመውን ሙሉ አልበም አወጣለት፤ የአሻንጉሊት ቴአትርም ተሠራለት።

እኔ ግን ከዝናው ይልቅ ልቤን የነካው የጊዜው ነገር ነው። ፎቶዎቹ ሲወጡ የተነሱት ሰዎች ብዙዎቹ፣ ካልሆነም ልጆቻቸው፣ በሕይወት ነበሩ። "ይሄ አጎቴ ነው"፣ "ይቺ የጎረቤታችን የእነ እንትና ልጅ ናት" የሚል ሰው ነበረ። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቹ ፎቶዎች ሥር ስም አለ። ሌላ ሠላሳ ዓመት ቢቆዩ ኖሮ ሁሉም "ያልታወቀ ገበሬ" ይሆኑ ነበር። ፎቶ ያለ ስም ግማሽ ነው፤ ስሙን የሚያውቀው ሰው ደግሞ ዘላለም አይኖርም።

ከተማዋም ያችው ሆና አልቀረችም። በአቅራቢያዋ ትልቅ ግድብ ተሠራ፤ በጥቅምት 1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ራሳቸው መጥተው መረቁት። ሊገደሉ ሳምንታት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ሸለቆው ሐይቅ ሆነ። ዛሬ ሰው ወደዚያ የሚሄደው ለጀልባና ለዓሣ ነው። ጥጥ ሲለቅሙ የኖሩት ሰዎች ፊት ግን በመስታወት ላይ ቀረ።

*

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ሌላ ምዕራፍ አለው፤ እሱን መዝለል ደግሞ ልክ አይሆንም።

ዲስፋርመር ኔጋቲቩን እሱ ጋ ሲያስቀር፣ የታጠበውን ፎቶ ግን ሰዎቹ ይዘው ሄደዋል። በየቤቱ አልበም፣ በየሳጥኑ፣ በየመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ። በ2004 ገደማ አንድ የኒው ዮርክ ሰብሳቢ እነዚህን ዋናዎቹን ፎቶዎች መፈለግ ጀመረ። ሰው ቀጥሮ በአካባቢው ቤት ለቤት አስጠየቀ። በሺዎች የሚቆጠር ፎቶ ተገዛ። በ2005 ኒው ዮርክ ውስጥ ለእይታና ለሽያጭ ቀረቡ፤ አንዳንዱ ፎቶ በሺዎች ዶላር ዋጋ ወጣለት።

ሦስቱ በሃምሳ ሳንቲም የነበረው!

ገዢውን ልኮንነው አልችልም። ሰዎቹ ወደው ነው የሸጡት፤ ምናልባትም እሱ ባይገዛቸው ብዙዎቹ እንደ እናቴ ፎቶ ጣሪያ ያፈሰሰባቸው ቀን ያልቁ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ያ ፎቶ አልበም ውስጥ እያለ የአያት ፊት ነበር። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል "የዲስፋርመር ሥራ" ሆነ። ያው ወረቀት ነው፤ ባለቤቱ ግን ተለወጠ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የሰውዬው ዘመዶች "ኔጋቲቩም ሥራውም የእኛ ውርስ ነው" የሚል ጥያቄ አንስተዋል። ዘመድ የለኝም ብሎ የሞተው ሰው ይኸው ወራሽ ተገኘለት። ዋጋ የሌለው ሲመስል የአምስት ዶላር ዕቃ ነበር፤ ዋጋ ሲያገኝ የማን ነው ተባለ።

ለእኔ ግን መልሱ ከዚያ ሁሉ በፊት የነበረ ይመስለኛል። ያ ኔጋቲቭ የሰፈሩ ነበር። የአንድ ትንሽ ከተማ ፎቶ አንሺ ሳያውቀው የከተማው መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። ማን ከማን ጋር ታጨ፣ ማን ወደ ጦር ሜዳ ሄደ፣ የማን ልጅ ክርስትና ተነሳ፣ ማን ከመሞቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ክራቫት አሰረ፤ ሁሉም እሱ መሳቢያ ውስጥ አለ። ቀበሌ ያልመዘገበውን እሱ መዝግቦታል። ደሞዝ የከፈለው የለም፤ "ጠብቅልን" ያለውም የለም። እሱ ሲሞት ደግሞ መዝገብ ቤቱ "የሟች ኮተት" ይሆናል።

*

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ።

በየከተማችን የድሮ ፎቶ ቤቶች ተዘግተው አልቀዋል፤ ያልተዘጉትም ጉርድ ፎቶና ፎቶ ኮፒ ላይ ናቸው። ባለቤቶቹ ሸምግለዋል። እባካችሁ፣ አገር ቤት ስትገቡ አንድ ጊዜ ጎራ በሉና "ጋሼ፣ የድሮው ኔጋቲቭ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ካለ አይጣል። ከማዳበሪያ አውጥታችሁ በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ፌስታል ውስጥ ከሆነ ያልበዋል። ሌላ ምንም ባትችሉ ኔጋቲቩን ነጭ ብርሃን በሚያሳይ ስልክ ወይም ታብሌት ፊት ይዛችሁ በሌላ ስልክ አንሱት፤ ቀለሙን የሚገለብጥ አፕሊኬሽን ሞልቷል። ጥራት ባይኖረውም ፊቱ ይተርፋል።

ከዚያ ቤት ያሉትን ፎቶዎች ይዛችሁ እማማንና አባባን አስቀምጧቸው። "ይሄ ማነው? ይቺስ?" በሏቸው። የሚሉትን ከኋላው በእርሳስ ጻፉት፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ይሰርጋል። ዛሬ አድርጉት። እኔ "ለፋሲካ ስገባ እጠይቃታለሁ" እያልኩ ነው እናቴን ያመለጥኳት።

የመጨረሻው የራሴ ጉዳይ ነው። የዲስፋርመርን ዋጋ ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሦስት ፎቶ። እኛም እኮ እንደዚያው ነበርን። አንድ ሰው ተነስቶ ሦስት ወይ አራት ያሳጥባል፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለዘመድ፣ አንዱን ከኋላው "ለማስታወሻ" ብሎ ጽፎ ለጓደኛ። አክስቴን ስጠይቃት "አዎ፣ ሦስት ነበር ያሳጠበችው። ሁለቱን ለጓደኞቿ ሰጠች፤ ለማን እንደሆነ ግን ጠፋኝ" አለችኝ።

ስለዚህ የከተማችን ልጆች፣ እናቶቻችሁን ጠይቁልኝ። በ1969 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ገደማ የተነሳ፣ ነጠላ ያጣፋች ቀጭን ልጅ፣ ከጀርባዋ ሐይቅና ዘንባባ፣ ግራ እጇ የፕላስቲክ አበባው አጠገብ፣ ከኋላው የምታውቁት ማኅተም። አልበማችሁ ውስጥ ካለች፣ "ይቺ ማን ነበረች?" እየተባለች የምታልፍ ከሆነ፣ እሷ እናቴ ናት።

ፎቶውን አልወስድባችሁም፤ የተሰጠው ለእናታችሁ ነው። በስልካችሁ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ይበቃኛል።